ሕዋስ ጥጋብና ረኃብን እንዴት ያውቃል?

በጉና ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ ልጁን የሚድረው መቼ ነው? በነሐሴ አይደለም። በነሐሴ ጎተራው ይሳሳል። ቤት መሥራትም ሆነ ሠርግ መደገስ የሚታሰበው ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ በጥር ነው። ሰው ጎተራውን አይቶ ሥራውን ይወስናል። ሰውነታችንም እንዲሁ ያደርጋል።

ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ፣ ሥጋችንና አጥንታችን ከሕዋሳት ተሠርቷል። ልዩነቱ፣ ድንጋይ አይበላም፤ ሕዋስ ግን ይመገባል፣ ያድጋል፣ ለሁለት ተከፍሎ ይራባል። በሕዋስ ውስጥ ምግብ መኖር አለመኖሩን የሚከታተል ክፍል አለ። ስሙ ቶር ይባላል። እንደ ጎተራ ጠባቂ ነው። ምግብ ሲገባ «እደጉ፣ ተባዙ» ይላል። ምግብ ሲጠፋ «ቆዩ፣ ያለንን እንቆጥብ» ይላል።

ታዲያ ይህ እንዴት ታወቀ? ነገሩ የተጀመረው ከአፈር ነው። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካናዳ ሐኪሞች ራፓ ኑይ ወደምትባል ሩቅ ደሴት ሄደው አፈር ይዘው ተመለሱ። ሱሬን ሴጋል የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር፣ በአፈሩ ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ሕይወት መድኃኒት አወጣ። በደሴቲቱ ስም ራፓማይሲን ተባለ። የሥራ ቦታው ሲዘጋ ሴጋል መድኃኒቱን ቤቱ ወስዶ ምግብ ከሚያቀዘቅዝበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ጥሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ባልኖረ!

ቀጥሎ ነገሩ ወደ ጠላ መጣ። በ1991 በስዊዘርላንድ አገር፣ በባዝል ከተማ፣ ማይክል ሆልና ጓደኞቹ ራፓማይሲንን ለእርሾ ሰጡ። በጠላ ጥንስስ ውስጥ ሆኖ የሚያፈላው ዓይነት እርሾ ነው። የእርሾ ሰውነት አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። መድኃኒቱን ሲያገኝ ምግብ በዙሪያው ሞልቶ ሳለ ማደጉን አቆመ። ጥቂቶቹ ግን አደጉ። በእነዚህ ምን ቢለይ ነው ተብሎ ሲመረመር ቶር ተገኘ። በ1994 ደግሞ በሰውና በእንስሳት ሕዋስ ውስጥም እንዳለ ታወቀ። እንግዲህ ደብረ ታቦር ላይ ጠላውን የሚያፈላው እርሾና ጠላውን የምትጠነስሰው ሴት፣ ጎተራ ጠባቂያቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው።

ምግብ ሲቀንስ ሕዋስ ሌላም ነገር ያደርጋል። በክረምት እንጨት ሲያልቅ የተሰበረ ሞፈር ይማገድ የለም? ሕዋስም ያረጀና የተበላሸ ክፍሉን አፈራርሶ ይጠቀምበታል። ዮሺኖሪ ኦሱሚ የተባለ ጃፓናዊ የዚህን አሠራር በእርሾ ላይ ስላሳየ በ2016 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቶር ዘወትር «እደጉ» ካለ ግን ይህ ጽዳት ይጓደላል፤ ጥራጊው ይከማቻል። ሊቃውንት ለእርጅና አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይላሉ። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለሸመገሉ አይጦች ራፓማይሲን ቢሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። አይጥ ሰው አይደለም እኮ! በሰው ላይ ዕድሜ ማራዘሙ አልተረጋገጠም።

ካንሰርስ? ካንሰር ሕዋስ ያለ ልክ የሚራባበት በሽታ ነው። በብዙ ዓይነት ካንሰር ቶር አያርፍም። ነሐሴም ይሁን ጥር፣ ሁልጊዜ ድግስ ነው። ራፓማይሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ከ2007 ጀምሮ ለኩላሊት ካንሰር ይሰጣሉ። በሽታውን ያዘገዩታል እንጂ ነቅለው አያጠፉትም። ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ስለሚያደክሙም ያለ ሐኪም አይወሰዱም። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ምግብ ብተው እባጩ ይጠፋልኛል» የሚል አይታጣም። አይጠፋም። ጡቷ ላይ እባጭ ያገኘች ሴት ሳትውል ሳታድር ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄዳ ትታይ።

የልጅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ለልጅ ዓመቱ በሙሉ ጥር መሆን አለበት። ቶር አጥብቆ የሚጠብቀው ከባቄላ፣ ከሽምብራ፣ ከወተትና ከዕንቁላል የሚገኘውን ገንቢ ምግብ ነው። ድንችና ቂጣ ብቻ የሚበላ ልጅ ሆዱ ይሞላል፤ ሕዋሱ ግን «ቆዩ» መባሉን አይተውም። ስለዚህ ቁመቱ ከእኩዮቹ ያጥራል። ዕንቁላሉ ሁሉ ገበያ ከመውረዱ በፊት አንዱ ለልጁ ይቀቀልለት።