የሰው ኃይል ምርታማነት እንዴት ይለካል? ለአርሶ አደሩና ለከተማ ነዋሪውስ ምን ይነግራል?

በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ የሀገሪቱ ኢኮኖሚ ይህን ያህል በመቶ አደገ የሚል ዜና ይሰማል። አኀዙ የሚናገረው በሀገር ደረጃ የተመረተው ምርትና አገልግሎት በድምሩ ምን ያህል እንደጨመረ ነው። ይሁን እንጂ የሠራተኛው ቁጥርም በየዓመቱ ይጨምራል። ምርቱ የበዛው ብዙ ሰው ስለሠራ ነው ወይስ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከቀድሞው የበለጠ ስላመረተ የሚለውን ጥያቄ የዕድገቱ አኀዝ ብቻውን አይመልሰውም። ይህን የሚመልሰው የሰው ኃይል ምርታማነት የሚባለው መለኪያ ነው። የደመወዝተኛውም ሆነ የአርሶ አደሩ ገቢ በዘላቂነት ሊያድግ የሚችለው ይህ መለኪያ ሲያድግ በመሆኑ፣ አሠራሩን ማወቅ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የመሬት ምርታማነትና የሰው ምርታማነት

የሰው ኃይል ምርታማነት የሚገኘው የተመረተውን ለምርቱ በዋለው ሥራ በማካፈል ነው። አካፋዩ የሠራተኞች ቁጥር፣ የሥራ ቀን ወይም የሥራ ሰዓት ሊሆን ይችላል። በገጠር በብዛት የሚታወቀው መለኪያ ከዚህ ይለያል፤ ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ የሚለው የሚለካው የመሬትን ምርታማነት ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሄክታር ጤፍ በብተና ተዘርቶ 12 ኩንታል ቢሰጥ፣ ከእርሻ እስከ ውቂያ ደግሞ 80 የሥራ ቀን ቢወስድ፣ በአንድ ሰው የቀን ሥራ 15 ኪሎ ግራም ተመረተ ማለት ነው። ያው ማሳ በመስመር ተዘርቶ 15 ኩንታል ቢሰጥና 120 የሥራ ቀን ቢጠይቅ፣ የመሬቱ ምርታማነት በ25 በመቶ ሲያድግ ከአንድ የሥራ ቀን የሚገኘው ወደ 12 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። በደቦና በወንፈል የመጣው ጉልበት ገንዘብ ባይከፈልበትም በስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ እርሱም የሥራ ቀን ነውና።

እነዚህ ቁጥሮች ለማስረጃ ያህል የቀረቡ ቢሆኑም ጉዳዩ በተግባር የታየ ነው። በኢትዮጵያ ጤፍን በመስመር መዝራት ከተስፋፋ በኋላ የተደረገ ጥናት፣ ዘዴው ከሄክታር የሚገኘውን ምርት ቢያሳድግም በሚጠይቀው ተጨማሪ ጉልበት የተነሳ የሰው ኃይል ምርታማነትን እንደሚቀንስ አመልክቷል። መሬቱ ጠባብ፣ የቤተሰቡ ጉልበት ግን የተትረፈረፈ ለሆነ አርሶ አደር ዘዴው ሊጠቅመው ይችላል። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ለሚያሠራው ግን ስሌቱ ሌላ ነው። በአንጻሩ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የተለመደው ኮምባይነር ብዙ ሰው ለቀናት የሚደክምበትን አጨዳና ውቂያ በሰዓታት ስለሚጨርስ፣ የሄክታሩ ምርት ብዙም ሳይለወጥ የሰው ኃይል ምርታማነትን ከፍ ያደርጋል።

የሚካፈለው፦ የተጨመረ እሴት

በሀገር ደረጃ ጤፍን፣ ሲሚንቶንና የሐኪምን አገልግሎት በኩንታል መደመር አይቻልም። ስለዚህ ሁሉም በገንዘብ ይተመናል። ሲተመንም ለምርቱ ከሌላ የተገዛው ይቀነሳል። አርሶ አደሩ እህሉን ሸጦ ካገኘው ላይ የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የጸረ አረም ዋጋ ሲነሳ የሚተርፈው የተጨመረ እሴት ይባላል። ዳቦ ቤቱም ለዱቄትና ለመብራት ያወጣው ይቀነስበታል። እንዲህ ካልተደረገ ስንዴው አንድ ጊዜ በገበሬው፣ ሌላ ጊዜ በወፍጮ ቤቱ፣ ደግሞም በዳቦ ቤቱ ተደጋግሞ ይቆጠራል። የሁሉም የተጨመረ እሴት ድምር የአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት መሠረት ነው። ለቤተሰብ ፍጆታ በጎተራ የቀረው እህልም ባይሸጥም ተገምቶ ይካተታል።

ቀጥሎ የዋጋ ንረት መውጣት አለበት። የአንድ አውደ ጥናት ባለቤት ያስገኘው የተጨመረ እሴት ከ100 ሺህ ብር ወደ 130 ሺህ ብር ቢያድግና ዋጋውም በ30 በመቶ ቢጨምር፣ የተመረተው ዕቃ አልጨመረም። ለዚህም ሲባል የየዓመቱ ምርት በአንድ የመነሻ ዓመት ዋጋ ይሰላል። በኢትዮጵያ ይህ መነሻ 2008 በጀት ዓመት ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። ምርታማነት አደገ የሚል ዜና ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ስሌቱ በወቅቱ ዋጋ ነው ወይስ በቋሚ ዋጋ የሚለው መሆን ይገባዋል።

አካፋዩ፦ ማን ነው ሠራተኛ?

አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። ሀገር አቀፍ የሰው ኃይል ጥናት በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ተካሂዷል። በእነዚህ መካከል ላሉት ዓመታት የሠራተኛው ቁጥር በግምት የሚሞላ ሲሆን፣ ግምቱ የሚመሠረትበት የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አካፋዩ ከተዛባ ውጤቱም ይዛባል።

ሁለተኛው ችግር የትርጉም ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በጄኔቫ የተሰበሰበው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ፣ በሥራ ላይ ያለ ሰው የሚባለው ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራ እንዲሆን ወስኗል። በዚህ መሠረት በዋናነት ለራሱ ፍጆታ የሚያመርት ገበሬ ሥራ የሚሠራ ቢሆንም በዚያ ስም አይመዘገብም። ምርቱ ግን በሀገር ውስጥ ምርት ውስጥ ይቆጠራል። ምርቱ ገብቶ አምራቹ ከቀረ የግብርናው ምርታማነት ካለው በላይ ገዝፎ ይታያል። አሮጌውን ትርጉም ከአዲሱ ጋር አጋጥሞ ዓመታትን ማነጻጸርም ያልተገኘን ዕድገት እንደተገኘ ሊያስመስል ይችላል።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የሚጠይቁት ያለፉትን ሰባት ቀናት ነው። መረጃው በአጨዳ ወቅት ቢሰበሰብ ገበሬው ከንጋት እስከ ምሽት በሥራ ላይ ይገኛል፤ በበጋው ቢሰበሰብ ግን የሥራ ሰዓቱ ያንሳል።

ዕድገቱ እንዴት ይሰላል?

ስሌቱ ቀላል ነው። ምርት በ7 በመቶ፣ የሠራተኛው ቁጥር በ3 በመቶ ቢያድግ፣ ምርታማነት በ4 በመቶ ገደማ አደገ ይባላል። የምርቱና የሠራተኛው ዕድገት እኩል ከሆነ ግን ኢኮኖሚው ቢሰፋም በነፍስ ወከፍ ሠራተኛ የተጨመረ ነገር የለም።

ዕድገቱ ከሁለት ምንጮች ሊመጣ ይችላል። አንደኛው በየዘርፉ ውስጥ የሚገኝ መሻሻል ነው፤ የተሻለ ዘር፣ መስኖ፣ ማሽንና ሙያ። ሁለተኛው የሰዎች ከዘርፍ ወደ ዘርፍ መሸጋገር ነው። በኢትዮጵያ ግብርና ከሠራተኛው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይዞ ከሀገር ውስጥ ምርት አንድ ሦስተኛ ገደማ ያስገኛል። ይህ ማለት ከግብርና ውጭ ያለ ሠራተኛ በአማካይ የግብርናውን አራት እጥፍ ያህል ያመርታል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ከእርሻ ወጥቶ ፋብሪካ ቢቀጠር፣ በሁለቱም ዘርፎች ምንም ሳይሻሻል የሀገሪቱ አማካይ ይጨምራል።

ይህ አራት እጥፍ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ዳግላስ ጎሊን፣ ዴቪድ ላጋኮስና ማይክል ዎ በታዳጊ ሀገራት ላይ ባደረጉትና በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሥራ ሰዓትና የትምህርት ልዩነት ሲታሰብ ክፍተቱ በግማሽ ያህል እንደሚጠብ፣ ቢሆንም ጨርሶ እንደማይጠፋ አሳይተዋል። የገበሬው ምርት በዓመት አነስተኛ ሆኖ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራ ሥራ አለማግኘቱ ነው። መስኖና የእንስሳት ማድለብ በበጋው ሥራ ሲፈጥሩ፣ ከአንድ ሰዓት ሥራ የሚገኘው ባይለወጥ እንኳ ከአንድ ሰው በዓመት የሚገኘው ይጨምራል።

የከተማ ነዋሪውም ከዚሁ የሚማረው አለ። ከእርሻ የወጣው ወጣት ሁሉ ፋብሪካ አይገባም። በጉሊት ንግድ ወይም በሊስትሮ ሥራ ያው ደንበኛ ለብዙዎች ከተከፋፈለ፣ ከግብርና መውጣት ብቻውን ምርታማነትን አያሳድግም፤ የከተማውን አማካይ ሊያወርደውም ይችላል።

አማካይ አኀዝ የተገኘው ጥቅም ለማን እንደደረሰም አይናገርም። ምርታማነት አድጎ ደመወዝና የገበሬው ገቢ ባሉበት ከቀሩ፣ ጭማሪው ወደ ሌላ ኪስ ሄዷል ማለት ነው። ስለሆነም የምርታማነት አኀዝ ሲነገር በቋሚ ዋጋ መሰላቱን፣ በሰው ወይም በሰዓት መካፈሉን፣ ገበሬው እንዴት እንደተቆጠረ እና ገቢው አብሮ ማደጉን መጠየቅ የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። ማሳው ላይም ያው ሚዛን ይሠራል፤ አዲስ አሠራር ሲቀርብ ከሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚያስገኝ ብቻ ሳይሆን ስንት የሥራ ቀን እንደሚወስድም መመዝገብ ያስፈልጋል።