«መጀመሪያ ጫቱን ይተው»፦ ሱስና የአእምሮ ሕመም ለምን አብረው ይታከማሉ?

የሃያ አምስት ዓመት ወጣት እናስብ። ጎረቤቶቹ ሊያጠፉት የተማከሩ ይመስለዋል፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ በርጫ አያልፈውም። እናቱ ሐኪም ዘንድ ስትወስደው «መጀመሪያ ጫቱን ይተው፤ እየቃመ መድኃኒት አይሠራለትም» ትባላለች። ሱስ ወደሚታከምበት ስትሄድ ደግሞ «የአእምሮ ሕመም አለበት፤ መጀመሪያ እሱ ይታከምለትና ይምጣ» የሚል መልስ ይጠብቃታል። ሁለቱም መልሶች ለየብቻ ሲታዩ ምክንያት ያላቸው ይመስላሉ። ሲገጣጠሙ ግን ልጁ የሚገባበት በር ይጠፋል።

ወጣቱ የምናብ ሰው ነው፤ አሠራሩ ግን እውነተኛ ነው፤ በሀብታም አገሮችም ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች የሚያመለክቱት ወደ ሌላ መንገድ ነው፦ ሱስና የአእምሮ ሕመም አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ በአንድ ቡድን፣ በአንድ ዕቅድና ያለ ወቀሳ ይታከሙ። «ያለ ወቀሳ» የሚለው የደግነት ምክር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውጤቱ ተለክቶ የታየ የሕክምና ዘዴ ነው።

ሁለቱ ምን ያህል ይገናኛሉ?

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የታተመና ከ20,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁበት ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ ጽኑ የአእምሮ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች መካከል 47 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ውስጥ የአልኮል ወይም የሌላ ዕፅ ችግር እንደገጠማቸው አሳየ። ባይፖላር (ከልክ ያለፈ መነቃቃትና ድብርት የሚፈራረቁበት ሕመም) ካለባቸው ሰዎች ዘንድ ቁጥሩ 56 በመቶ ደርሷል። ነገሩን ገልብጠን ስናየውም፣ የአልኮል ችግር ካለባቸው ሰዎች 37 በመቶዎቹ ሌላ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው።

በኢትዮጵያ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱን አሳትመው ነበር። በጥናቱ ወቅት ከሁለት ሰው አንዱ ጫት ይቅም ነበር። እንዲህ ባለ አካባቢ አንድ የአእምሮ ታማሚ ጫት ቢቅም ምን ይገርማል? «የሚቅም አናክምም» ያለ ሐኪም ቤት በግማሽ ሕዝብ ላይ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

ከምርቃና እስከ ዱካክ

በጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ በኬሚካዊ አወቃቀሩ ለአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖን ቶሎ እየተለወጠ ኃይሉን ያጣል። ነጋዴው ጫቱን በቅጠል ጠቅልሎ፣ ሾፌሩም መኪናውን እያበረረ ለገበያ የሚያደርሱት ለዚህ ነው።

ካቲኖን አንጎል ሲደርስ የነርቭ ሴሎች ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ ኬሚካል እንዲለቁ ያደርጋል። ዶፓሚንን ብዙ ሰው «የደስታ ኬሚካል» እያለ ይጠራዋል፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። በዙሪያችን ካለው ሁሉ የትኛው ነገር ልብ ሊባል እንደሚገባ ምልክት የሚያደርገው እሱ ነው። በምርቃና ሰዓት ጨዋታው የሚጥመው፣ ዕቅዱ ሁሉ ነገ የሚፈጸም የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በስኪዞፍሬኒያ ጊዜ ይኸው ሥርዓት ያለ ጫትም መጠኑን ይስታል። የሥነ አእምሮ ተመራማሪው ሺቲጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ አንጎል ክብደት ለማይገባው ነገር ክብደት መስጠት ይጀምራል። የአላፊ አግዳሚው ሳል፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ የሬዲዮው ዜና ሁሉ «ስለ አንተ ነው» የሚል ትርጉም ይይዛሉ። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የዶፓሚንን መቀበያ እየዘጉ ይህን ያበርዳሉ። ጫት በተቃራኒው ዶፓሚን ይጨምራል፤ መድኃኒቱ በበር ያስወጣውን ጫቱ በመስኮት ይመልሰዋል።

ማታ ሌላ ችግር ይከተላል። እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባልና ወደ መጠጥ ይኬዳል። አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም የእንቅልፉን ጥራት ያበላሻል። ንጋት ላይ ድካምና ድብርት፣ ቀትር ላይ ሐራራ ይመጣል። ለማቆም የሞከረውን ሰው ደግሞ ዱካክ በቅዠት ያስጨንቀዋል። ባይፖላር ላለበት ሰው የጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ሊገፋው ይችላል።

ይህ ማለት ግን ጫት የቃመ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በሶማሌላንድ ሀርጌሳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሥራ ከሕመም ምልክቶቹ ጋር ያያዘው በለጋ ዕድሜ መጀመርንና በቀን ከሁለት እስር በላይ መቃምን ነው። መጠኑና የጀመሩበት ዕድሜ ለውጥ ያመጣሉ።

የቱ ቀደመ?

ቤተሰብ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ ሱሱ ነው ያሳመመው ወይስ ሕመሙ ነው ሱስ ያስያዘው? ጥናቶች ሦስት መንገዶችን ያሳያሉ። አንዳንዱ ሰው ላይ ዕፁ ተኝቶ የነበረውን ሕመም ይቀሰቅሳል። አንዳንዱ ሕመሙን ለማስታገስ ብሎ ዕፅ ይጀምራል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ካንትዚያን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነበር። ሌላው ላይ ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ሥር ይበቅላሉ፤ ከዘር የመጣ ተጋላጭነት፣ የልጅነት በደል፣ ድህነት፣ ብቸኝነት።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዘው። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውን «ለምን ይቃማል?» ብሎ ጠየቀ። መልሶቹ የጓደኛ ግፊት፣ ደስታ ፍለጋ፣ ረሃብን መርሳት፣ ሥራ ለመሥራት ብርታት ማግኘት የሚሉ ነበሩ። አንዱ መልስ ግን ሐኪሞችን በተለይ የሚመለከት ነው፦ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ለመቋቋም።

ይህ መልስ ብዙ ያስተምራል። መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ የሚያፈዝዘው ሰው ለመንቃት ሲል ይቅማል፤ ጫቱ ሕመሙን ሲያባብስ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ይጨምራል፤ መጠኑ ሲጨምር ፍዘቱ ይብሳል፤ ፍዘቱ ሲብስ ጫቱም ይጨምራል። ይህን አዙሪት ለመስበር ሐኪሙ ስለ ጫቱ ማወቅ አለበት። ታማሚው እውነቱን የሚናገረው ደግሞ ከተናገረ በኋላ እንደማይቆጡት ሲያምን ነው። ያኔ መጠኑን ማስተካከል፣ የሚወሰድበትን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል።

በአንድ ቡድን መታከም

ሁለቱን ሕመሞች ለማከም ሦስት ስልቶች ተሞክረዋል። የመጀመሪያው በተራ ማከም ነው፤ አንዱ ሳይድን ሌላው አይነካም። ሁለተኛው ጎን ለጎን ማከም ነው፤ ታማሚው ሁለት ቦታ ይመላለሳል፣ ሐኪሞቹ ግን አይነጋገሩም። ሦስተኛውን በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ሮበርት ድሬክና ኪም ሙዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዳበሩት ሲሆን፣ አንድ ቡድን ሁለቱንም እኩል ይዞ ያክማል። መድኃኒቱ፣ ምክሩ፣ የቤተሰብ ትምህርቱ፣ የመኖሪያና የሥራ ጉዳዩ ሳይቀር በአንድ ዕቅድ ይታያል።

ሥራው በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ መቀራረብ ነው፤ ታማሚው ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ብቻውን ድል ነው። ቀጥሎ የለውጡ ፍላጎት ከራሱ እንዲወጣ ማገዝ ይመጣል። ከዚያ መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም፣ በመጨረሻም ከማገርሸት መጠበቅ። ለማቆም ያልወሰነ ሰው ሐራራን የሚቋቋምበትን ዘዴ ቢያስተምሩት ትምህርቱ በከንቱ ይቀራል። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው የቃሚያ ሰዓቱን ማሳጠር፣ ከጨብሲ መቆጠብ ወይም መድኃኒቱን አለማቋረጥ ቢችል ትልቅ እርምጃ ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውና 41 ሙከራዎችን የመረመረው ግምገማ፣ ከተሞከሩት የምክርና የድጋፍ ዘዴዎች አንዱ ከሌላው በግልጽ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። ተአምር የሚሠራ ዘዴ የለም ማለት ነው። ይህ ውጤት ግን አንዱ እስኪድን ሌላው ይጠብቅ የሚለውን አሠራር አይደግፍም።

ተግሣጽ ለምን አይሠራም?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊልያም ሚለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ሙከራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከመጠን በላይ የሚጠጡ ሰዎችን ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ የሚወቅስ፣ ለሌላው እያዳመጠ የሚጠይቅ አማካሪ ሰጡ። አማካሪው በተጋፈጠ ቁጥር ተመካሪው ከዓመት በኋላ የሚጠጣው መጠን በዝቶ ተገኘ።

ምክንያቱ ከማንኛውም ቤት ጭቅጭቅ ይታወቃል። «አቁም!» የተባለ ሰው የማያቆምበትን ምክንያት ይደረድራል፤ ሲደረድርም ራሱን ያሳምናል። «ጫቱ የሚጠቅምህ ምን ላይ ነው? የሚጎዳህስ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን ጉዳቱን በገዛ አንደበቱ ይናገራል።

ኀፍረት ደግሞ ከሕክምና ያርቃል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሥራ፣ ከአዋቂዎቹ 13.9 በመቶ የሚሆኑት የአልኮል ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 87 በመቶዎቹ እርዳታ ጠይቀው እንደማያውቁ አሳይቷል። ችግሩ ከበረታባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን ክፉኛ ይንቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሌላ ሰው ቢንቀው የሚጨምርለት ነገር የለም።

አለመፍረድ ግን ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ በተለይ መጠጥ ላይ። ለዓመታት አረቄ በየቀኑ የጠጣ ሰው አንጎል የአልኮልን ማደንዘዝ ለመቋቋም ራሱን አነቃቅቶ ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ፣ ቀጥሎም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ትኩሳት ሊመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ቆልፎ ወይም አስሮ «ይተው» ማለት አደገኛ ነው። በጤና ባለሙያ ክትትል፣ እንደ ዲያዜፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቪታሚን ቢ1 እየታገዘ ማቆም አለበት።

በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ

ይህ ሁሉ ባለሙያ ከየት ይመጣል? አንዱ መልስ ከዚያው ከሶዶና ከአጎራባች ወረዳዎች ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 329 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በሥነ አእምሮ ነርስ፣ ሌላውን ሥልጠና ባገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች አሳከመ። የጤና ጣቢያው ውጤት ከነርሶቹ አላነሰም። ስለ ጫትና ስለ መጠጥ የሚጠይቀውም፣ የአእምሮ ሕመሙን የሚከታተለውም ያው አንድ ባለሙያ ሊሆን ይችላል።

ጸበልም ከዚህ ዕቅድ ውጭ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ፣ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዱ የነበሩ ብዙ ሰዎች እፎይ ብለዋል። ለአእምሮ ሕመምም ይኸው መንገድ ክፍት ነው፤ ጸበሉን ሳይተው መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ የሚደብቀው አይኖረውም።

አስታማሚ ከዚህ የሚወስደው ቁም ነገር ቀላል ነው። ለሐኪሙ ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ጫቱም፣ ስለ ሲጋራውም፣ ስለ መጠጡም ይነገር፤ ሲጋራ ጭምር የአንዳንድ መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳል። ሐኪሙም ሲሰማ ከመገሠጽ በፊት «መቼ? ለምን?» ይበል። ያገረሸበት ሰው ስለ ሕመሙ አዲስ መረጃ ይዞ የመጣ ሰው ነው፦ ምን እንደቀሰቀሰው፣ የትኛው ሰዓት እንደከበደው፣ መድኃኒቱ የት ላይ እንዳልተስማማው። ስለዚህ ያገረሸበት ቀን ቀጠሮው የሚቀርብበት እንጂ የሚቀርበት ቀን መሆን የለበትም።