የድሮ ጌም ሙዚቃ ሳይጎድልበት የሚገኘው ከየት ነው?

በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያችን የምናሰማው የጌም ሙዚቃ ለምን እንደሚሻክር የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ድምፅ ማጉያው ብቻ እኮ አይደለም።

ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የምንገለብጠው ሙዚቃ አብዛኛው ኤምፒስሪ ነው። ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ጆሮ ብዙም የማይለየውን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል። የ3 ደቂቃ ሙዚቃ ሲዲ ላይ ወደ 32 ሜጋባይት ይይዛል፤ በ128 ኤምፒስሪ ግን 3 ገደማ ብቻ። ፍላክ የሚባለው ደግሞ ያሳንሳል እንጂ ምንም አይጥልም።

ታዲያ ስሙ ፍላክ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። ጓደኛችሁ የሳይንስ ኖት ሲጽፍ መስመር ከዘለለ፣ እናንተ ከእሱ ደብተር በጣም ባማረ ጽሕፈት ብትገለብጡትም የተዘለለው አይመጣም አይደል? ከኤምፒስሪ የተሠራ ፍላክም እንደዚያው ነው። ፋይሉ ይተልቃል፣ የጠፋው ግን ጠፍቷል። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የድምፁን ሥዕል ብታዩ፣ 128 ኤምፒስሪ ብዙ ጊዜ 16,000 ኸርዝ አካባቢ በመቀስ እንደተቆረጠ ያልቃል። የሱፐር ኒንቴንዶን ሙዚቃ ግን በዚህ አትፍረዱበት፤ ማሽኑ ራሱ ከዚያ በላይ አልተሠራም።

አሁን ደስ የሚለኝ ጋ ደረስኩ። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱፐር ማሪዮ ሙዚቃ፣ ኮጂ ኮንዶ የደረሰው፣ ጭራሽ የተቀዳ አይደለም! ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ነው፦ ይህን ኖታ ይህን ያህል ጊዜ አሰማ። ማሽኑ ውስጥ ያለች፣ 5 የድምፅ መስመር ያላት ቺፕ እዚያው ትጫወተዋለች። ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ እዚህ ዋናው ቅጂ ትልቁ ፍላክ ሳይሆን ትንሿ ትእዛዝ ነች። ኤንኤስኤፍ በሚባል ፋይል ትወጣለች፣ እንደ ቺፗ የሚሠራ ፕሮግራም ያጫውታታል። ለክበባችን ለሞላው ኮምፒውተር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣው ፕሌስቴሽን ግን በሲዲ ነው የሚሠራው። እንደ ሪጅ ሬሰር ያሉ አንዳንድ ጌሞች ሙዚቃቸውን እንደ ማንኛውም የዘፈን ሲዲ አስቀምጠውታል። ሲዲ ደግሞ ክፉኛ ከተጫረ አለቀለት። የሰፈራችሁ ጌም ቤት አሮጌ ሲዲ ሊጥል ከሆነ ለምናችሁ ወደ ክበባችን አምጡት፤ በፍላክ እናስቀረዋለን። ቤት የምትሞክሩ ደግሞ ትራክ 1 የጌሙ ዳታ ስለሆነ እሱን ዝለሉና ከ2 ጀምሩ።