ሳይነድ የሚሸጥ ከሰል

ከሰል ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ምድጃውና ጀበናው ነው። ዛሬ ግን ሳይነድ አፈር ውስጥ የሚቀበር ከሰል በዓለም ገበያ ገንዘብ ያወጣል። እንዴት ሊሆን ቻለ? አብረን እንመልከት።

ተክል ሲያድግ ካርቦን የሚባለውን ነገር ከአየር ይወስዳል። ሥሩን፣ ግንዱንና ቅጠሉን የሚሠራው በዚሁ ነው። ተክሉ ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። በአየር ላይ ሲበዛ ምድርን ያሞቃል፤ ዝናብም ይዛባል። ገለባ ወይም እንጨት አየር ሳያገኝ በኃይለኛ ሙቀት ሲከስል ግን ከካርቦኑ ግማሽ ያህሉ ከሰሉ ውስጥ ይቀራል። ይህ ከሰል ካልነደደ በአፈር ውስጥ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጀው ከሰል ባዮቻር ይባላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በብራዚል አገር፣ በአማዞን ወንዝ አካባቢ፣ የጥንት ሰዎች ከሰል፣ አጥንትና ጥራጊ እየቀላቀሉ ያለሙት ጥቁር አፈር አለ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬም ለም ነው።

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በ2017 እ.ኤ.አ. የባዮቻር ማምረቻ ተከፈተ። ሕዝቡ ከየጓሮው የቆረጠውን ቅርንጫፍ ያመጣል፤ ማምረቻው ያከስለዋል። ሙቀቱ ቤት ያሞቃል። ከሰሉ ደግሞ ከአፈርና ከጠጠር ጋር ተደባልቆ የከተማውን ዛፎች ያሳድጋል። በልዩ ልዩ አገሮችም ባዮቻርን በኮንክሪትና በአስፋልት ውስጥ መቀላቀል ተጀምሯል። ውሃ ለማጣራትም ያገለግላል።

ጭስ የሚለቁ ትልልቅ ኩባንያዎችም ካርቦን በከሰል መልክ ለሚያስቀምጥላቸው ሰው በየቶኑ ይከፍላሉ። ስለዚህ ይጣል የነበረ የቡና ገለባ ዋጋ አገኘ ማለት ነው። በአገራችንም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቡና ገለባ ባዮቻር ሠርተው በአፈር ላይ ሞክረዋል።

ታዲያ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለባዮቻር ተብሎ ደን ቢቆረጥ ጉዳቱ ይብሳል። ለከብት መኖ የሚሆነውን ገለባም ማክሰል አይገባም። ከሰሉ ብቻውን ማዳበሪያ አይደለም፤ ከፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ነው ማሳ ላይ የሚጨመረው። የበለጠ የሚጠቅመውም አሲዳማ ለሆነ አፈር ነው።

አንድ ቀን "ገለባችሁን እንግዛ" የሚል ኩባንያ ውል ይዞ ይመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ጣታችሁን ቀለም ከማስነካታችሁ በፊት ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡት። ገለባው በኩንታል ስንት ነው? ከካርቦኑ ሽያጭ ለገበሬው ምን ይደርሰዋል? ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ይህ ካልተጻፈ ይጻፍልን በሉ። ያልገባችሁን ቃል ሳታፍሩ ጠይቁ። ለየብቻ ከመዋዋልም በማኅበር ሆናችሁ ተደራደሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።