የማክራሜ ማሳረጊያ፦ ጥቅል ቋጠሮ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ይህን ነው፦ የአበባ ማንጠልጠያው አልቆ፣ ከማሰሮው ሥር ክሮቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ቦታ በምን ይታሰር? ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ ክሩን በሙሉ በጅምላ ይቋጥረዋል። መያዙን ይይዛል፤ ግን ያብጣል፣ ማሰሮውም ተንጋዶ ይቀመጣል።

መፍትሔው ጥቅል ቋጠሮ ነው። ማንጠልጠያውን ከሠራችሁበት ገመድ አንድ ሜትር ያህል ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ከላይ አስተርፋችሁ ገመዱን በክሮቹ ላይ ወደ ታች አስተኙት፤ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ላይ ውሰዱት። ታች ላይ ትንሽ ቀለበት ትቀራለች። አሁን በረጅሙ ጫፍ ክሮቹንም የታጠፈውን ገመድም አንድ ላይ ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ጠቅልሉ። ዙሮቹ ጎን ለጎን ይተኙ፣ አይደራረቡ። ስድስት ሰባት ዙር ይበቃል። ስትጨርሱ ረጅሙን ጫፍ በቀለበቷ አሾልኩት።

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ከላይ የተረፈውን አጭር ጫፍ ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ ቀለበቷ ረጅሙን ጫፍ እየጎተተች ጥቅሉ ውስጥ ትገባለች። መሃል ላይ ስትደርስ አቁሙ። ከዚያ ካለፈች በላይ በኩል ትወጣና ልፋታችሁ ሁሉ ይፈታል። ጭራሽ አልንቀሳቀስ ካለች ደግሞ ማጥበቃችሁ በዝቷል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ላላ አድርጉ። በመጨረሻ ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ወጠር አድርጋችሁ ከጥቅሉ አስጠግታችሁ ቁረጡ።

ሙጫ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልወደውም። መርከበኞች የገመድ ጫፍ እንዳይተረተር በሲባጎ የሚጠቀልሉት በዚሁ ዘዴ ነው፣ ያለ ሙጫ።

«እንደ ነጠላ ብንቋጨውስ?» ላላችሁኝ፦ የነጠላ ጫፍ ሲቋጭ የተረፈው ድር ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይከረሩና፣ አንድ ላይ ወደ ተቃራኒው ይገመዳሉ። ለግድግዳ ጌጥ ዘርፍ እንዲያውም ያምራል። ማሰሮ ለሚሸከም ግን ክሮቹን አንድ ላይ አንቆ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጠቅልሉ፣ ከጥቅሉ በታች የቀረውን እንደፈለጋችሁ ቋጩት።

ደግሞ አደራ፣ ከፍ አድርጋችሁ ከመስቀላችሁ በፊት አበባውን አጠጥታችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሞክሩት። ውሃ የጠጣ አፈር ከደረቁ በጣም ይከብዳል።