“ዝም በይ” ማንን ጠቀመ?

በዚህ እትማችን የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው ነው። በሴቶች፣ በተለይም በተማሪ ልጃገረዶች ላይ የሚፈፀመውን ጥቃት ማለታችን ነው። አንዲት ልጅ ተደፍራ ቤቷ ስትገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሰማው “የት ሄደሽ ነበር?” የሚል ነው። ቀጥሎ ደግሞ “ዝም በይ፣ ሰው እንዳይሰማ” ትባላለች። ለመሆኑ ይህ ምክር ማንን ጠቀመ? መልሱን ብዙ ወገኖቻችን በስደት ከኖሩባት ከካርቱም እንፈልግ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በካርቱም የኖረች ሴት “ከሻ” ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሻይ ስታፈላ ወይም መንገድ ስታቋርጥ በፖሊስ ታፍሳ መወሰድ ነው። በ1991 የወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 ደግሞ “ነውር” የተባለ ልብስ የለበሰችን ሴት እስከ 40 ግርፋት ያስቀጣ ነበር። በ2009 ሱሪ ለብሰሻል ተብላ የተያዘችው ጋዜጠኛ ሉብና ሁሴን ግን ጉዳዩን በአደባባይ ተከራከረች። 500 የሱዳን ፓውንድ ክፈይ ስትባልም አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች። ብዙ ሴቶች በዝምታ ይሸከሙት የነበረው ውርደት የዓለም መነጋገሪያ ሆነ።

በ2011 መጀመሪያ በካርቱም ተማሪዎች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ከእነዚህም አንዷ የሥነ ጥበብ ተማሪዋ ሳፊያ ኢስሃቅ ነበረች። የፀጥታ ሰዎች ይዘው እንደደፈሯት ፊቷን ሳትሸፍን፣ ስሟን ሳትደብቅ በቪዲዮ ተናገረች። ከዚያም አገሯን ጥላ ለመሰደድ ተገደደች። ስለ እርሷ የጻፉት ጋዜጠኞች ፋጢማ ጋዛሊና አማል ሃባኒ ታሰሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የተጠየቀችው ተበዳይዋና የበደሏን ወሬ የጻፈች ናት፤ በዳዩ አይደለም።

ነገሩ ወደ እኛም ቤት ገብቷል። በ2013 በኦምዱርማን አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት በቡድን ተደፈረች። የተቀረፀው ቪዲዮ በ2014 መጀመሪያ በየስልኩ ሲዞር ተይዛ የታሰረችው እርሷም ጭምር ነበረች። የመደፈር ክስ እንዳትመሰርት ተከለከለች። ፍርድ ቤቱም “ነውር ፈፅማለች” ብሎ የአንድ ወር የገደብ እስራትና 5,000 ፓውንድ ፈረደባት። ኧረ የት አገር ፍርድ ነው! ነገር ግን ሴት ጠበቆችና የመብት ተሟጋቾች አልተዋትም፤ ጉዳዩንም ለዓለም አሰሙ። በ2015 ሕጉ ተሻሽሎ አስገድዶ መድፈር ከዝሙት ተለይቶ እንዲታይ ተደረገ።

በአፕሪል 2019 ደግሞ የ22 ዓመቷ የአርክቴክቸር ተማሪ አላ ሳላህ ነጭ ቶብ ለብሳ መኪና ላይ ቆማ ሕዝቡን ስታስተባብር ዓለም አያት። ሱዳኖች እንዲህ ያሉትን ሴቶች “ካንዳካ” ይሏቸዋል። የጥንት የኩሽ ንግሥቶች መጠሪያ ነው፤ እኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ “ህንደኬ” ብለን የምናውቀው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለከሻው መሣሪያ የነበረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ተሻረ። በአገራችንም ቢሆን በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት “የሎው ሙቭመንት” የተባለው እንቅስቃሴ ተጀምሮ፣ ሴት ተማሪዎች ስለ ጥቃት በግቢያቸው በግልጽ መነጋገር ጀምረዋል።

እርግጥ ነው፣ ሕግ ተለወጠ ማለት ጥቃት ቀረ ማለት አይደለም። ከአፕሪል 2023 ወዲህ በተነሳው ጦርነት በካርቱም በሴቶች ላይ የደረሰው ግፍ ከባድ ነው። ሆኖም የተገኘው ለውጥ ሁሉ የመጣው አንዲት ሴት ስትናገር ሌሎች አጠገቧ ስለቆሙ ነው። ብቻዋን የተናገረች ትሰደዳለች፤ ሰው ያላት ግን ሕግ ታስለውጣለች።

እኛስ በካምፓችን ምን እናድርግ? ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ችግሯን ስትነግራችሁ “የት ሄደሽ ነበር?” ከማለታችሁ በፊት “እንኳን ነገርሽን” በሏት። ሳትዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ኤች አይ ቪ እንዳይይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ያልተፈለገ እርግዝና የሚከላከለው ደግሞ እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ ቢፈጥን ግን ይሻላል። ለመክሰስ ከፈለገች የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ በፌስታል አይሁን። መክሰስ አለመክሰስ ግን የእርሷ ውሳኔ ነው። ስሟም የቡና ወሬ አይሁን።

ወንድሞቻችን ተማሪዎች ደግሞ እህታችሁን ማጀብ ጥሩ ነው፤ ሴት ሲያስቸግር ያያችሁትን ጓደኛችሁን “ተው!” ማለት ግን ከዚያ ይበልጣል። ሽማግሌዎቻችንም ደፋሪውንና የተደፈረችውን አስታርቆ ነገሩን መሸፈን ሽምግልና እንዳልሆነ ቢረዱልን ደስ ይለናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይላሉ አባቶቻችን። “ዝም በይ” የጠቀመው ደፋሪውን ብቻ ነው። ከእንግዲህ “ንገሪን፣ አጠገብሽ ነን” እንበላት።

ቸር ይግጠመን።