በቆልት፦ በበጋ ወራት ያለ መሬት የሚገኝ አትክልት

ክረምቱ አልፎ ታኅሣሥና ጥር ሲገባ በብዙ ቀበሌዎች የጓሮው ጎመን ይደርቃል፤ ምንጩም ይጎድላል። ከዚያ በኋላ ዝናብ እስኪመለስ ድረስ የገበሬው ቤተሰብ ማዕድ እንጀራና ሽሮ ብቻ ይሆናል። በጎተራው ውስጥ ግን ባቄላው፣ አተሩ፣ ምስሩና ሽምብራው አለ። ይህ ደረቅ እህል ያለ መሬትና ያለ ማዳበሪያ በሦስትና በአራት ቀን ወደ ለጋ አትክልት ሊለወጥ ይችላል። ዘዴው እንግዳ አይደለም፤ በቆልት ማለት ይኸው ነው።

ጠላ የምትጠምቅ እመቤት ሁሉ እህል ማብቀል ታውቅበታለች። ለብቅል ገብሱን ወይም ስንዴውን ዘፍዝፋ፣ ውሃውን አጥልላ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሙቀት ባለበት ስፍራ ታኖረዋለች፤ ሥር ሲያወጣም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። የባቄላ በቆልትም በጾም ወራት በብዙ ቤት ይሠራል። ይሁን እንጂ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ለጾም ብቻ እንደ ሆነ ስለሚቆጠር፣ ልጆች አትክልት በሚያጡባቸው ወራት ይኸው ዕውቀት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የሚቀረው ሥራ አዲስ ሙያ ማስተማር ሳይሆን፣ ያለውን ሙያ ከጠላው ጋን ወደ ወጡ ድስት ማሸጋገር ነው።

ደረቅ ጥራጥሬ ገንቢ ምግብ ቢሆንም ቫይታሚን ሲ የለውም ለማለት ይቻላል። ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ግን ይህንኑ ቫይታሚን ራሱ ይሠራል። ቫይታሚን ሲ እጅግ ሲጎድል ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ መገጣጠሚያም ያማል፤ በሽታው ስከርቪ ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚህ በሽታ የተያዙ የሰርቢያ ወታደሮች በበቀለ ጥራጥሬ መታከማቸው እ.ኤ.አ. በ1918 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በተከታዩ ዓመትም በለንደን የሊስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ደረቁ ፍሬ በሽታውን እንደማይከላከል፣ የበቀለው ግን እንደሚከላከል በእንስሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ አስረድተዋል። ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እህልና ዘይት እየታደላቸው በስከርቪ የታመሙት ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣታቸው ነበር።

ለበቆልት የሚመረጠው እህል ድፍን፣ ያልነቀዘና ብዙ ያልቆየ መሆን አለበት። ክክ አይበቅልም፤ የተሰበረ ፍሬም ቶሎ ሸቶ ጤነኛውን ያበላሻል። ስለዚህ ለቀማው ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያም እህሉ በሚገባ ታጥቦ ሦስት እጥፍ በሚሆን ንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋል። ለምስርና ለማሾ አንድ ሌሊት ይበቃል፤ ባቄላና ሽምብራ እስከ አንድ ቀን ይፈልጋሉ። የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ እህሉ እንደገና ከታጠበ በኋላ፣ በማጥለያ ወይም ከሥሩ ውሃ በሚያሳልፍ ዕቃ ሳስቶ ይቀመጥና ንጹሕ ስስ ጨርቅ ይለብሳል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅና ውሃውን ጨርሶ ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እህሉ እንዳይደርቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ይተወዋል። የሚፈለገው ግን እርጥበት እንጂ ኩሬ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ፍሬ ትንፋሽ አጥቶ ይሸታል። በደጋ አገር ዕቃው ከምድጃው ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርስበት ስፍራ ቢቀመጥ ሥራው ይፋጠናል።

የምስር በቆልት በሦስተኛው ቀን ገደማ ይደርሳል፤ አንድ ስኒ ደረቅ ምስርም ሦስትና አራት ስኒ ሊሞላ ይችላል። በሥሩ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ጥጥ መሳይ ጸጉር የሥሩ አካል ስለ ሆነ አያስደነግጥም፤ ሲለቀለቅም ይተኛል። በፍሬዎቹ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ወይም የሚያሟልጭና የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ሻጋታ ወይም ብልሽት ነውና ሁሉም ይደፋል።

ማሾን በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላማ ቀበሌዎች የሚመረተው ማሾ በብዛት ለውጭ ገበያ ይቀርባል። በእስያ አገሮች ማሾ በይበልጥ ከሚበላባቸው መንገዶች አንዱ በቆልቱ ነው። አምራቹ ግን ከሸጠው ላይ አንድ ስኒ አስቀርቶ ለልጆቹ ቢያበቅል የሚከስረው ነገር የለም።

ሁሉም እህል ግን ለበቆልት አይሆንም። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ እህል፣ ብዙውን ጊዜ ቀለም የተቀባ ስለ ሆነ ይታወቃል፤ ታጥቦም ቢሆን ሊበላ አይገባም። ጓያ ቢበቅልም እግር የሚያሽመደምደው መርዙ አይለቀውም። የማሽላ ቡቃያና ሥር በጥሬው መርዝነት ስላለው ለብቅል የበቀለ ማሽላ እንኳ ደርቆ ሥሩና ቡቃያው ታሽቶ መነሳት አለበት። ቦሎቄም በሚገባ ካልበሰለ ሆድ ያውካል።

ሌላው አደጋ ከዓይን የተሰወረ ነው። ለፍሬው የሚስማማው እርጥበትና ሙቀት ለተቅማጥ ተሕዋስያንም ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን የበቀለ አብሽ በጥሬው በመበላቱ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ ሞተዋል። ጥፋቱ የአብሹ ሳይሆን በፍሬው ላይ የነበረው ተሕዋስ በመራባቱ ነው። ጥሬ በቆልት ቫይታሚኑ የተሟላ ነው የሚሉ ቢኖሩም፣ የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ በሚጠቀም ቤት ይህ ምክር አይሠራም። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሁልጊዜ መብሰል ይኖርበታል።

አበሳሰሉ ግን ብልሃት ይጠይቃል። በቆልቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ ለረጅም ጊዜ ከሚቀቀል፣ አስቀድሞ በሚፈላ ጥቂት ውሃ ውስጥ ቢጨመርና ምስርና ማሾው በጥቂት ደቂቃ ቢወጣ ከቫይታሚኑ ብዙው ይተርፋል። ባቄላው እስኪለሰልስ ድረስ ይበስላል፤ ቢሆንም ከደረቁ ይልቅ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ ይቆጥባል። ከዚያ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨውና ዘይት ይገባበታል፤ ሎሚ ከተገኘም ከድስቱ ከወረደ በኋላ ይጨመቅበታል።

የገብስ ብቅልም ለሕፃን ምግብ ይረዳል። ወፍራም ገንፎ ለልጅ ለመዋጥ ይከብዳል፤ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥም። ገንፎው ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ብቅሉ ስታርቹን ሰብሮ ያቀጥነዋል። እንደገና ፈልቶ ሲበርድ ስድስት ወር ላለፈው ልጅ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ልጁ በትንሽ ሆዱ ብዙ እህል ይበላል።

በቆልት የለመደ ቤት ለዘር ጊዜም ይጠቀማል። ከዘሩ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ አብቅሎ፣ ከሳምንት በኋላ የበቀለውን መቁጠር ነው። 90 ያህሉ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው፤ ከ60 ካልበለጠ ግን ማሳው ከመታረሱ በፊት ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል።